ለዝናብ የተከፈተ ሂሳብ

ቧንቧ የሌለው ቦታ የውሃ ቢል ይመጣበታል? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ይመጣበታል። መጸዳጃ ቤት የለው፣ የእጅ መታጠቢያ የለው፣ ቆጣሪ የለው፤ አስፋልትና ነጭ መስመር ብቻ የሆነ የመኪና ማቆሚያ በየወሩ ከከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ቢል ይላክለታል። በዚህች ከተማ የፓርኪንግ ሥራ ላይ ሐበሻው ከትኬት ቆራጭነት እስከ ባለቤትነት ስለሚገኝበት፣ ቢሉን አገላብጦ «የምን ውሃ?» ያለ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት አይሆንም።

የሰማይ ውሃ ነው። ሂሳቡ ሲሰላ እንዲህ ይመጣል። ስልሳ ያህል መኪና የሚይዝ፣ 20,000 ስኩዌር ጫማ (ወደ 1,860 ካሬ ሜትር) ስፋት ያለው አስፋልት እንውሰድ። ከተማዋ እያንዳንዱን 1,000 ስኩዌር ጫማ ውሃ የማያሰርግ መሬት አንድ መለኪያ ብላ ትቆጥራለች፤ ስለዚህ ቦታው 20 መለኪያ አለው። በ2018 በጀት ዓመት (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአንዱ መለኪያ ወርሃዊ ክፍያ ለወንዞች ጽዳት 25 ዶላር ከ18 ሳንቲም፣ ለጎርፍ ቁጥጥር ደግሞ 2 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር። በ20 ሲባዛ በወር 557 ዶላር ይሆናል። ቦታው ላይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ውሃ አልተቀዳም።

ከተማ ለጎርፍ ሂሳብ የሚከፍትበት፣ ጣራና ግቢ የሚለካበት፣ የለካውንም በመዝገብ የሚይዝበት ይህ ተቋም ዕድሜው ገና ሃምሳ ዓመትን አለፍ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ጎርፍ ባለቤት አልነበረውም። መንገድ የሠራ ክፍል ከመንገዱ ዳር ቦይ ይቆፍራል፤ ቦይ ሲደፈን ሰው ይጮሃል፤ ከንቲባው ከጠቅላላው በጀት የተረፈች ካለች ይፈልግላታል። ፖሊስና እሳት አደጋ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ በተሰለፉበት ወረፋ ቱቦ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ዝናቡ ካባራ ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?

ተቋሙ የተወለደው በትልቅ ከተማ አይደለም። ከሲያትል ማዶ፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለችው ቤልቪው በ1953 ከተማ ተብላ ስትመሠረት የገበሬና የአትክልት ሰፈር ነበረች። ከዚያ ቤቱም፣ የገበያ አዳራሹም፣ አስፋልቱም ተከታትሎ መጣ። በመካከሏ የሚያልፈው ኬልሲ የተባለ ጅረት ሳልመን ዓሣ የሚወጣበት ነበርና ነዋሪው ጅረቱ በቱቦ ተቀብሮ እንዲጠፋበት አልፈለገም። ጎርፍ ግን በየዓመቱ ባሰ። በ1974 የከተማው ምክር ቤት የዝናብና የገጸ ምድር ውሃን ብቻ የሚያስተዳድር፣ የራሱ ካዝና ያለው ድርጅት አቋቋመ። እንደ መብራትና እንደ ቧንቧ ውሃ ሁሉ ይህም አገልግሎት ነው፤ ተጠቃሚው ይክፈል ተባለ።

ታዲያ በምን ይለካ? የቧንቧ ውሃ ቆጣሪ አለው፤ ወደ ቱቦ የሚገባ ጎርፍ የለውም። ቤልቪው ያገኘችው መልስ ቀላልና ብልህ ነበር። መሬቱ ምን ያህል ተገንብቶበታል? ባዶ መሬት፣ በጥቂቱ የተገነባ፣ በመጠኑ የተገነባ፣ በብዛት የተገነባ፣ እጅግ በብዛት የተገነባ ተብሎ በደረጃ ተከፈለ። ጫካና ሣር ውሃውን ይጠጣዋል፤ ጣራና አስፋልት ይተፋዋል። የተፋው ይክፈል። በዚያው ዘመን የኮሎራዶዋ ቦልደርም ተመሳሳይ መንገድ ጀምራ ነበርና «ቀዳሚው ማን ነው?» የሚለው ክርክር በሙያው ሰዎች ዘንድ ዛሬም አልበረደም። ልዩነቱ የወራት ስለሆነ ብዙም አያጣላም።

ሌሎች ከተሞች ይህን ወስደው አሻሻሉት። የአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ጣራ፣ የመኪና መግቢያና በረንዳ ተደምሮ በአማካይ ስንት ይሆናል? ያ ቁጥር «አንድ የመኖሪያ ቤት አቻ» ተባለ። ሱፐርማርኬቱ የመቶ ቤት አቻ ከሆነ የመቶ ቤት ይከፍላል። መለኪያው በየከተማው ይለያያል። ዲሲ 1,000 ስኩዌር ጫማ ስትል ጎረቤቷ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 2,406 ይላል፤ የካውንቲው ቤትና ግቢ ሰፋ ያለ ነዋ። ዛሬ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ወደ 2,000 ደርሰዋል፤ የዌስተርን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪዎች ለዓመታት እየቆጠሩ መዝግበዋቸዋል።

ገንዘቡ የራሱ ታሪክ አለው፤ ወረቀቱም የራሱ። በ1972 የወጣው የንጹህ ውሃ ሕግ ያነጣጠረው የፋብሪካና የፍሳሽ ቱቦ ላይ ነበር፤ ጎርፍ ንጹህ የሰማይ ውሃ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1978 እስከ 1983 በ28 ቦታዎች፣ ቤልቪውን ጨምሮ፣ የከተማ ጎርፍ በጠርሙስ እየተቀዳ እንዲመረመር አደረገ። ውጤቱ ያንን እምነት ናደው። ከ100 ናሙና በ91ዱ ወይም ከዚያ በላይ መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ተገኘ። እርሳሱ በዚያን ጊዜ ከነበረው ቤንዚን፣ መዳቡ ከመኪና ፍሬን፣ ዚንኩ ከጎማና ከጣራ ቆርቆሮ የሚመጣ ነው። መንገድ ያጠበ ዝናብ የመንገዱን ቆሻሻ ይዞ ወንዝ ይገባል፤ እናቶች ደጅ ሲያጥቡ የሚያውቁትን ነገር ላቦራቶሪው በቁጥር አረጋገጠው።

ኮንግረስ በ1987 ሕጉን አሻሻለ፤ በ1990 ደንቡ ወጣ። ሕዝባቸው ከ100,000 በላይ የሆኑ ከተሞች ጎርፋቸውን ወደ ወንዝ ለመልቀቅ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። የ1999ኙ ደንብ ትናንሾቹንም አስከተለ። ፈቃዱ አምስት ዓመት ይቆያል፤ በየዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ቱቦ ወንዝ ላይ የሚያፈስበት አፍ ሁሉ በካርታ ይመዝገብ፤ በደረቅ ቀን ከዚያ አፍ ውሃ ከወጣ ከየት እንደመጣ ይጣራ፤ ስንት መንገድ ተጠረገ፣ ስንት የጎርፍ መቀበያ ጉድጓድ ጸዳ፣ ስንት የግንባታ ቦታ ተፈተሸ፤ ሕዝቡ ምን ተማረ፤ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይቅረብ። ባለሥልጣን «አጽድተናል» ብሎ የሚያልፍበት ዘመን አበቃ። ስንት ጉድጓድ፣ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቀን የሚል ጠያቂ መጣበት።

ገንዘቡ ግን ከፌዴራል መንግሥት አልመጣም። ትእዛዙ ከላይ፣ ወጪው ከታች። ከ1990 በኋላ ድርጅቶቹ እንደ እንጉዳይ የፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እናም ሙግቱ ጀመረ። ይህ ክፍያ ነው ወይስ ግብር? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ቢመስልም ገንዘብ ያዘለ ነው፤ በብዙ ግዛቶች ግብር ለመጣል የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለአገልግሎት ክፍያ ግን የምክር ቤት ውሳኔ ይበቃል። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የላንሲንግን ከተማ ክፍያ መረመረና «ይህ ስሙን የቀየረ ግብር ነው» ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ከፋዩ እምቢ ማለት አይችልም፤ የሚከፍለውም ካገኘው አገልግሎት ጋር በትክክል አይመጣጠንም ተባለ። በ2013 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሴንት ሉዊስን ክፍያ በተመሳሳይ ምክንያት ጣለው። በቨርጂኒያና በጆርጂያ ያሉ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተቃራኒውን ፈረዱ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዙሪያ ጥምጥም ከመሄድ በግልጽ ሕዝቡን ጠየቀ። በኅዳር 2018 ለእያንዳንዱ ውሃ የማያሰርግ ስኩዌር ጫማ በዓመት 2 ሳንቲም ተኩል ለመክፈል ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልግ ነበርና መራጩ ከዚያ በላይ ሰጠ። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ሰዉ ለጎርፍ ሳይሆን ጎርፉን ይዞ ለማስቀረት ድምፅ መስጠቱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ሙግት በአንድ ቦታ ማየት የፈለገ ወደ ዋሽንግተን ይመለስ።

ከዋይት ሐውስ በስተደቡብ፣ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ከ17ኛው መንገድ በሚገናኝበት ጥግ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። አጠገቧ ወንዝ የለም፤ ባሕር የለም። ቤቷ ግን በ1830ዎቹ የተሠራች የቦይ ጠባቂ መኖሪያ ነበረች። ዛሬ አውቶቡስ የሚመላለስበት ጎዳና ያን ጊዜ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ነበር፤ ታይበር የተባለ ጅረትም ይገባበት ነበር። ከ1871 እስከ 1874 «ቦስ» በሚል ቅጽል የታወቀው አሌክሳንደር ሼፐርድ የከተማዋን ሥራዎች ቦርድ እየመራ መንገድ አነጠፈ፣ ዛፍ ተከለ፣ ቱቦ ቀበረ፣ የሸተተውን ቦይ አስደፈነ። ከተማዋ ከተማ መሰለች፤ ካዝናዋ ግን ባዶ ሆነ። ኮንግረስ በ1874 አስተዳደሩን አፈረሰው። ቱቦ በዱቤ ሠርቶ ዕዳውን ለሌላ መተው ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ጅረቱ ተቀበረ እንጂ አልሞተም። በሰኔ 2006 ለቀናት የጣለው ዝናብ ውሃውን ወደ ድሮ መንገዱ መለሰው። የብሔራዊ መዛግብት ሕንጻ ምድር ቤት ተጥለቀለቀ። የፌዴራሉ የግብር መስሪያ ቤት ዋና ሕንጻ ለወራት ተዘጋ። ጎርፍ ግብር ሰብሳቢውን ከቢሮው ሲያስወጣ ማየት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ክርክር ላስተዋለ፣ ፈገግ ያሰኛል።

ከዚያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ የቀረው ትልቁ ውርስ ጥምር ቱቦው ነው። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው፣ በተለይ በአሮጌው ክፍል፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የመንገድ ጎርፍ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። በደረቅ ቀን ሁሉም ወደ ማጣሪያ ይደርሳል። ዶፍ ሲወርድ ግን ቱቦው ሞልቶ የማይባለውን ሁሉ ወደ አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ይተፋዋል፤ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ጋሎን በላይ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ከተማዋ በአናኮስቲያ መዋኘትን በ1971 ከልክላለች። በ2000 የወንዙ ተቆርቋሪዎች የውሃና ፍሳሽ ድርጅቱን ከሰሱ፤ በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተፈረመ። ከመሬት በታች ጎርፉን የሚይዙ ግዙፍ ዋሻዎች ይቆፈሩ ተባለ። ጠቅላላ ወጪው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህን ማን ይክፈል? መጀመሪያ የፍሳሽ ወጪ የሚከፈለው በቧንቧ ውሃ ፍጆታ ነበር። ልጆቿን አጥባ፣ ልብስ አጥባ፣ ምግብ ሠርታ ብዙ ውሃ የምትጠቀም እናት ለጎርፉም ብዙ ትከፍላለች፤ ሰፊ አስፋልት ያለው ምንም ቧንቧ ስለሌለው ምንም አይከፍልም። ጎርፉን ግን የሚያመጣው አስፋልቱ ነው። በ2009 ድርጅቱ ሂሳቡን ገለበጠው። አውሮፕላን በሚያነሳው ፎቶ ጣራው፣ አስፋልቱ፣ በረንዳው፣ የመኪና መግቢያው ተለካ። ቆጣሪ ለሌላቸው ቦታዎችም አዲስ ሂሳብ ተከፈተ። ቆይቶም መኖሪያ ቤቶች በስድስት ደረጃ ተመደቡ። ከ700 እስከ 2,000 ስኩዌር ጫማ ያለው ተራ ቤት አንድ መለኪያ ሲሆን፣ ከ11,000 በላይ ያለው ባለ ትልቅ ግቢ 13 ተኩል ይከፍላል። ፍትሐዊ ነው ማለት ይቻላል፤ ርካሽ ነው ማለት ግን አይቻልም። የመጀመሪያው ተመን ለአንድ መለኪያ 1 ዶላር ከ24 ሳንቲም ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሃያ እጥፍ ሆነ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሂሳቡም ይሠራል።

መጀመሪያ ያመጸው ከሁሉ የከበደው ባለ ጣራ ነው፤ ራሱ የፌዴራል መንግሥት። በ2010 አንዳንድ የፌዴራል መስሪያ ቤቶች «ይህ ግብር ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ለከተማ ግብር አይከፍልም» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጎርፍን ያለ ፈቃድ አትልቀቁ ብሎ ከተሞችን ያስገደደው መንግሥት ለራሱ ጣራ አልከፍልም ማለቱ ነው። የሜሪላንዱ ሴናተር ቤን ካርዲን ጉዳዩን ወደ ኮንግረስ ወሰዱት፤ ፕሬዝዳንት ኦባማ በጥር 4 ቀን 2011 የፈረሙት ሕግ የፌዴራል ተቋማት ምክንያታዊ የሆነውን የጎርፍ ክፍያ እንዲከፍሉ አስገደደ። በአገሪቱ ሁሉ የጦር ሰፈርና ፖስታ ቤት ያለባቸው ከተሞች እፎይ አሉ።

ሁለተኛው አመጽ ከቤተ ክርስቲያንና ከመቃብር ቦታዎች መጣ። ቤተ እምነት ከንብረት ግብር ነጻ ነው፤ ከክፍያ ግን ነጻ አይደለም። ሰፊ ግቢና ሰፊ ፓርኪንግ ያላቸው አጥቢያዎች፣ በመካከላቸው መንገድ የተዘረጋባቸው መቃብሮች ቢላቸው ከዓመት ዓመት ሲያብጥ ዝም አላሉም። ክርክሩ በ2018 ጎልቶ ወጣ፤ ከተማዋ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የድጎማ ገንዘብ መደበች። ድርጅቱም ከ2020 ጀምሮ የወጪውን አንድ ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ፍሳሽ ፍጆታው መልሶ አዛወረ። 18 ከመቶ፣ ከዚያ 28፣ ከዚያ 37። ጥምር ቱቦ ውስጥ ፍሳሹም አለበትና ምክንያቱ ያስኬዳል። ግን የአስፋልቱ ድርሻ ወደ እናቲቱ ማጠቢያ በከፊል ተመለሰ ማለትም ነው።

ዋሻዎቹ እስከዚያ ድረስ እየተቆፈሩ ነበር። ቆፋሪ ማሽኖቹ የሰው ስም አላቸው። «ሌዲ በርድ» የፕሬዝዳንት ጆንሰን ባለቤት፣ «ናኒ» የጥቁር ሴቶች ትምህርት ቤት የመሠረቱት ናኒ ሄለን በሮውስ፣ «ሉሲ» የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲዋ ሉሲ ዲግስ ስሎው ናቸው። ስሟን የሰማ ሐበሻ ድንቅነሽን ማስታወሱ አይቀርም፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ሉሲ የቆፈረችው ብሉምንግዴል በተባለው ሰፈር ሥር ነው። በ2012፣ አሜሪካዊው በጋ፣ ሐበሻው ክረምት በሚለው ወቅት፣ እዚህ ሰፈር ምድር ቤት ያላቸው ቤቶች ደጋግመው ተጥለቀለቁ፤ ቱቦው ሞልቶ በመጸዳጃው በኩል ወደ ቤት ተመልሶ ገባ። በሰፈሩ የተቆፈረው ዋሻ 8 ሚሊዮን ጋሎን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። በአናኮስቲያ በኩል ያለው ሥርዓት የመጀመሪያው ክፍል በመጋቢት 2018 ሥራ ጀመረ፤ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል የሚያልፈው፣ 8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ በ2023 ተገናኘው። ወደ አናኮስቲያ የሚገባውን ድብልቅ ፍሳሽ በ98 ከመቶ እንዲቀንስ ተሰልቶ የተሠራ ነው። የፖቶማኩ ዋሻ ቀነ ገደብ ደግሞ 2030 ነው።

አሁን ስለ መዝገቡ። የዲሲ ያልተለመደ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ2013 የከተማዋ የአካባቢ መምሪያ አዲስ ደንብ አወጣ። 5,000 ስኩዌር ጫማና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ግንባታ 30 ሚሊ ሜትር ያህል (1.2 ኢንች) ዝናብ ከግቢው ሳያስወጣ መያዝ አለበት። የአትክልት ጉድጓድ ይቆፍር፣ ጣራው ላይ ሣር ይትከል፣ ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ ያድርግ፤ መንገዱ የራሱ ነው። ግማሹን እዚያው ከያዘ ግን ቀሪውን ከሌላ ሰው መግዛት ይችላል ተባለ። ሌላው ሰው ሳይገደድ፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ጥግ ላይ አስፋልት ፈንቅሎ የዝናብ አትክልት የሠራ ከሆነ፣ የያዘው ውሃ ይሸጥለታል። አንድ ጋሎን ውሃ ለአንድ ዓመት መያዝ አንድ ክሬዲት ነው። ክሬዲቱ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይገባል፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደሆነ ይታወቃል። መምሪያው ክሬዲት የሚሰጠው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ተቆጣጣሪ ሄዶ አይቶ ያድሳል።

የተቆጣጣሪው ሥራ ከጠረጴዛ ይርቃል። የዝናብ አትክልቱ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ በትክክል ወደ ጉድጓዱ ይገባል? መግቢያው በቅጠልና በፕላስቲክ ተደፍኗል? አፈሩ ላይ ደለል ተኝቶበታል? ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃው ለቀናት ቆሞ ትንኝ ያራባል? ሣሩ ደርቆ ከሆነ አትክልቱ ሳይሆን ጉድጓድ ብቻ ነው የቀረው። ወረቀቱ ላይ «ይሠራል» ተብሎ ያለፈ ሁሉ ሊሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሐሰት እዚህ ዋጋ አለው። የመዝገቡ እምነት የሚያርፈው በዚያች ጥግ ላይ ነው።

በመስከረም 2016 የውሃ ድርጅቱ ከዚህም የራቀ ነገር አደረገ። 25 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ። ገዢዎቹ ጎልድማን ሳክስና ካልቨርት ፋውንዴሽን ነበሩ። ገንዘቡ በአንድ የከተማ ክፍል የዝናብ አትክልትና ውሃ የሚያሰርግ መንገድ ይሠራበታል። ውሉ ውስጥ የገባው ነገር ለቦንድ እንግዳ ነበር። ጎርፉ ከ41.3 ከመቶ በላይ ከቀነሰ ድርጅቱ ለባለሀብቶቹ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ይጨምራል፤ ከ18.6 በታች ከሆነ ባለሀብቶቹ ያንኑ ያህል ለድርጅቱ ይከፍላሉ። በመካከል ከሆነ ማንም ለማንም አይጨምርም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከቱቦው የሚወጣው ጎርፍ ተለካ፤ ካለቀ በኋላም ተለካ። በ2021 ውጤቱ ወጣ፤ ቅናሹ 20 ከመቶ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መካከሉ ላይ፣ ከታችኛው ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ። ማንም አልከፈለም፤ ማንም አልተከፈለውም። ሆኖም የከተማ ሣር ስንት ጎርፍ እንደሚጠጣ በባንክ ውል ላይ መመዝገቡ እስከዚያ ያልታየ ነበር።

ከከተማዋ ድንበር በስተሰሜን አንድ እርምጃ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደረስ ሕጉ ሌላ ነው፤ ከዲሲ ውጭ ካሉት የደመቁ የሐበሻ መንደሮች አንዱ እዚህ ነውና ብዙ አንባቢ በዚህ በኩል ያውቀዋል። ሜሪላንድ በ2012 አሥር ትልልቅ አስተዳደሮቿ፣ ዘጠኝ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ፣ የጎርፍ ክፍያ እንዲጥሉ በሕግ አዘዘች። ዓላማው የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ማጽዳት ነበር። ተቃዋሚዎቹ አንድ ስም አወጡለት፤ «የዝናብ ግብር»። ከዚያ በኋላ ስለ መዳብና ዚንክ የሚያስረዳ ማንም ሰሚ አላገኘም። ዝናብ የእግዜር ነው፤ በእግዜር ሥራ ግብር የሚጥል መንግሥት እንዴት ያለ ነው? ስሙ ራሱ ምርጫ አሸነፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኅዳር 2014 ላሪ ሆጋን ግብሮቹን አነሳለሁ ብለው፣ ይህን ደጋግመው እየጠቀሱ ገዢ ሆነው ተመረጡ። ፍሬድሪክ ካውንቲ ሕጉን በቀልድ ነበር የፈጸመው፤ ከእያንዳንዱ ንብረት በዓመት 1 ሳንቲም አስከፈለ። ካሮል ካውንቲ ከናካቴው እምቢ አለ። በ2015 ግዴታው ተነሳ፤ የፈለገ ያስከፍል፣ ያልፈለገ ይተው ተባለ። ባልቲሞር ካውንቲ በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍያውን ተወ።

ግን የ2015ቱ ሕግ አንድ ነገር አስቀረ። ከክፍያው ነጻ የሆኑት አስተዳደሮችም ከ2016 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ጎርፋቸውን በምን ገንዘብ እንደሚቆጣጠሩ፣ ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደቀራቸው የሚያሳይ ሰነድ አዘጋጅተው፣ ለሕዝብ ውይይት አቅርበው፣ በምክር ቤታቸው አጽድቀው ለግዛቲቱ ማቅረብ አለባቸው። አንድ ሳንቲም የጠየቀውም፣ ምንም ያልጠየቀውም ሰነዱን ይጽፋል። «የዝናብ ግብር» የሚል ስም የወጣለት ክፍያ ነው የተነሳው፤ መዝገቡ ስም ስላልወጣለት ቀረ።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በፊት፣ ከ2002 ጀምሮ ያስከፍል ነበርና አሁንም ያስከፍላል። ሐምሌ ሲገባ የንብረት ግብር ቢል ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይደርሳል። ከትምህርት ቤቱና ከቆሻሻ ማንሻው በታች የውሃ ጥራት ጥበቃ የሚል መስመር አለ፤ ዓመታዊ ክፍያው እዚያው ተጽፏል። ቁጥሩ የመጣው ከአውሮፕላን ላይ ከተነሳ ፎቶ ነው። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት የመኪና መግቢያውን አስፋፍቶ ከሆነ፣ ፎቶው ሲታደስ ያ ቁጥር ከፍ ይላል። አስፋልት አስፈንቅሎ የዝናብ አትክልት ከሠራ ደግሞ ካውንቲው ማመልከቻ ተቀብሎ፣ ሰው ልኮ አስፈትሾ፣ ከክፍያው ይቀንስለታል፤ ቅናሹ ግን ለዘለዓለም አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ያመለክታል።